መንግሥት የራሱን ወጪ እየቀነሰ ለሌላ አገር እርዳታ መስጠት አለበትን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች ከ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ወዲህ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ማገዱ ከተሰማበት ጊዜ ጀምሮ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ በእድር ስብሰባ ላይ፣ በብሎካችን ግቢና ወደ ቃሊቲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው። ለእኔ የሚቀርቡት በውጭ እርዳታ በሚደገፉ የጤና ፕሮጀክቶች ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት በሒሳብ ሠራተኝነት ስላገለገልኩ ነው። ስለዚህ መልሶቹ ከዚያ ገንዘብ ደመወዝ ይበላ በነበረ ሰው የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

የሰጪዎቹ ሕዝብ ራሱ እየተቸገረ ለእኛ መስጠታቸው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አይሆንም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሰጪዎቹም አገር የሚጠየቀው ይኸው ነው። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ለጡረተኞች በየብርዱ ወራት ይከፍለው የነበረውን የማሞቂያ ድጎማ ለአብዛኞቹ እንደሚያስቀር ባስታወቀ ጊዜ (በኋላ ተቃውሞው ሲበረታ አብዛኛውን መልሶታል)፣ አንዲት አሮጊት «የእኔን ቀንሳችሁ ለማታውቁት ሰው ትልካላችሁ ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ማንም ሊቆጣት አይገባም፤ ግብሩን በዕድሜዋ ሙሉ ስትከፍል የኖረችው እሷ ናትና።

ይሁንና ተረቱን ልብ ብለን ብናየው፣ ሴትዮዋ የምትወቀሰው የሰው ድስት ስላማሰለች ብቻ ሳይሆን የራሷ ድስት ያረረው በዚያው ምክንያት ስለሆነ ነው። የሰጪዎቹ ድስት የሚያረው በእርዳታው ምክንያት ካልሆነ ግን፣ ማማሰሉን ብታቆምም ማረሩ አይቀርም። ስለዚህ ወደ መጠኑ መሄድ አለብን።

መጠኑስ ምን ያህል ነው?

ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው። በአሜሪካ በተለያዩ ዓመታት የተሰበሰቡ የሕዝብ አስተያየቶች እንደሚያሳዩት፣ ዜጎች የውጭ እርዳታ የፌዴራል በጀቱን ሩብ ያህል እንደሚወስድ ይገምታሉ፤ ትክክለኛው ድርሻ ግን ከ1 በመቶ ብዙም አይርቅም። እገዳው ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የእርዳታው መጠን በዓመት 70 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የበጀት ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ጉድለት 1.8 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር፣ እርዳታው አንድ ሳንቲም ሳይቀር ቢሰረዝ እንኳ ከጉድለቱ የሚደፍነው 4 በመቶ ያህሉን ነው። በዚያው ዓመት ለዕዳ ወለድ ብቻ የወጣው ከ850 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በብሪታንያም እርዳታው ከብሔራዊ ገቢው 0.5 በመቶ፣ ማለትም መንግሥት ከሚያወጣው 100 ፓውንድ ውስጥ ከአንድ ፓውንድ እምብዛም የማይበልጥ ነበር።

ወደ እኛ ቤት ብናመጣው፣ በወር 20 ሺህ ብር የሚያገኝ ቤተሰብ 200 ብር ለተቸገረ ሰው እንደሚሰጥ ማለት ነው። ይህን ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ የከተተው የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያና የእቁቡ ውዝፍ እንጂ 200 ብሩ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ 200 ብርም ገንዘብ ነው፤ የሚሠራው ሥራ አለው። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 እርዳታውን እስከ 2027 ወደ 0.3 በመቶ ዝቅ በማድረግ የመከላከያ ወጪን ወደ 2.5 በመቶ እንደሚያሳድጉ ሲያስታውቁ ያደረጉት ይኸንኑ ገንዘብ ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ነው። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊዝ ዶድስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን የለቀቁትም የመከላከያውን መጨመር በመቃወም ሳይሆን ወጪው በእርዳታው ላይ መጣሉን ባለመቀበላቸው ነው። እንዲህ ያለው ክርክር ቢያንስ በግልጽ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። «እርዳታው ነው ያደኸየን» የሚለው ክርክር ግን በቁጥር አይደገፍም።

0.7 በመቶ የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ? የሚያከብረውስ አለ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1970 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሀብታም አገሮች ከጥቅል ብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለልማት እርዳታ እንዲሰጡ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔው አስገዳጅ አይደለም። በ2024 ከነባሮቹ ለጋሽ አገሮች መካከል ከዚህ መጠን በላይ የሰጡት ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ሉክሰምበርግ ብቻ ሲሆኑ፣ የሁሉም አማካይ 0.33 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት የለጋሾቹ ጠቅላላ ድምር 212 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ከቀዳሚው ዓመት 7 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ይህም አሜሪካ ከማቆሟ በፊት መሆኑ ነው። አሜሪካ በገንዘቡ ብዛት አንደኛ ብትሆንም፣ ከገቢዋ አንጻር ሲሰላ የምትሰጠው ከ0.3 በመቶ በታች ነበር። ብሪታንያ 0.7 በመቶውን እ.ኤ.አ. በ2015 በሕግ ደንግጋ፣ ሕጉን ሳትሽር በ2021 ወደ 0.5 አውርዳዋለች።

የሚሰጡት ለራሳቸው ጥቅም አይደለምን?

በከፊል አዎን። ለእኔ ይህ ጉዳዩን አያሳንሰውም፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመሩት የኤችአይቪ ፕሮግራም ለአሜሪካ ወዳጅ ያፈራ እንደነበር አያጠያይቅም፣ 25 ሚሊዮን ሰዎችን ከሞት እንዳዳነም ይነገርለታል።

የተመደበው ገንዘብ በሙሉ ወደ ተቀባዩ አገር ይደርሳል?

አይደርስም፤ ይህንን ሳያውቁ ስለ እርዳታ መከራከር አይቻልም። በለጋሾቹ የሒሳብ ደንብ መሠረት፣ አንድ አገር በራሱ ምድር ለተቀበላቸው ስደተኞች በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት የሚያወጣው ወጪ እንደ ውጭ እርዳታ ሊመዘገብ ይችላል። በዚህም ምክንያት ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከእርዳታ በጀቷ 29 በመቶ ያህሉን ያወጣችው እዚያው አገሯ ውስጥ፣ በአብዛኛው ለሆቴል ኪራይ ነው። ገንዘቡ ከለንደን ሳይወጣ «ለድሆች አገሮች የተሰጠ» ተብሎ ተቆጥሯል ማለት ነው።

የምግብ እርዳታም የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ስትከተለው በኖረችው አሠራር፣ ለእርዳታ የሚላከው እህልና ዘይት በአብዛኛው ከአሜሪካ ገበሬ የተገዛ፣ ቢያንስ ግማሹም የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ የተጫነ መሆን አለበት። በግቢያችን ጥግ አንዲት ጎረቤታችን ጤና አዳም የተከሉበት አራት ማዕዘን የዘይት ቆርቆሮ አለ፤ ዝገቱ ከታች እየወጣበት ነው፤ «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚለው ጽሑፍ ግን እስካሁን ይነበባል። በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ የነበረው ዘይት እዚህ እስኪደርስ ገበሬው፣ ፋብሪካው፣ መርከቡ፣ የጅቡቲ ወደብና የጭነት መኪናው ድርሻ ድርሻቸውን ወስደዋል። እርዳታው ሲቆም ከተጎጂዎቹ አንዱ የአሜሪካ ገበሬ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በፕሮጀክቶቻችንም ከጠቅላላው በጀት ላይ የዋናው መሥሪያ ቤት የአስተዳደር ወጪ፣ የውጭ አማካሪዎች ክፍያና የሥልጠና ወጪ ይነሣል። አዳማና ቢሾፍቱ ሆቴሎች ውስጥ የተካሄደውን ሥልጠና ሁሉ አበሉን ያወራረድኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ምን ያህሉ ሳይካሄድ ቢቀር ማንም እንደማይጎዳ በቁጥር መናገር እችላለሁ፤ ለጊዜው ግን ልተወው።

ገንዘቡ የእነሱ ነው፤ ማቋረጥም መብታቸው ነው። ታዲያ ቅሬታው ምንድን ነው?

የእኔ ቅሬታ በመጠኑ ላይ ሳይሆን በአኳኋኑ ላይ ነው፤ መቀነስና መቁረጥ አንድ አይደሉምና። ልዩነቱን ለማሳየት ራሴ የሠራሁባቸውን ሁለት ፕሮጀክቶች ላነጻጽር።

የመጀመሪያው የተዘጋው በሥራው ቋንቋ «ፌዝ አውት» (ደረጃ በደረጃ መውጣት) በምንለው መንገድ ነው። ሊዘጋ ሦስት ዓመት ሲቀረው የወረዳው ኃላፊዎች ተጠርተው የትኛው የሥራ መደብ ወደ መንግሥት በጀት እንደሚዛወር በዝርዝር ተጻፈ፤ በመጀመሪያው ዓመት የደመወዙን ሩብ፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ሦስት አራተኛውን ወረዳው እየሸፈነ ሄደ። ሁሉም መደብ አልተረፈም፤ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ተዛወሩ፣ አራት ሰዎች ሌላ ሥራ ፈለጉ። ያም ሆኖ በመጨረሻው ቀን የደነገጠ ሰው አልነበረም፤ ቡና አፍልተን ተለያየን።

ሁለተኛው የተዘጋው አንድ ሰኞ ጠዋት በደረሰ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ማንኛውም ሥራ እንዲቆምና ማንኛውም ክፍያ እንዳይፈጸም ያዝዛል። በዚያች ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ለሚያመላልሰው ሞተረኛ የነዳጅ ክፍያ፣ መድኃኒት ያቋረጡ ሕሙማንን ቤት ለቤት እየፈለጉ ለሚመልሱት አድሄረንስ ሰፖርተሮች የትራንስፖርት አበል፣ እንዲሁም የዳታ ክለርኮቹ (የመረጃ መዝጋቢዎቹ) የወሩ ደመወዝ ተፈርሞ ለባንክ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰዎቹ የወሩን አብዛኛውን ቀን ሠርተውበታል፤ እኔ ግን ቼኩን ወደ ካዝናው መለስኩት። በማግስቱ ንብረት ለመረከብ ከከተማው ጫፍ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍሏ ነርስ በአንድ እጇ መዝገብ እየሞላች በሌላው ብልቃጥ እያቀበለች ነበር፤ ዳታ ክለርኳ በቁጥር ተራ ታሰልፋቸው የነበሩት ካርዶች በሁለት የማካሮኒ ካርቶን ውስጥ ታጭቀው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። የዚያን ሳምንት ናሙናዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበሩ። የሞተሩ ቁልፍ ደግሞ የእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ናሙናዎቹ ተበላሹ፤ ሕሙማኑ እንደገና ደም እንዲሰጡ ተጠሩ፤ የተጠሩት ሁሉ አልመጡም። የሞተሩ የወር ነዳጅ ከቢሯችን ፕሪንተር ቀለም ዋጋ ያነሰ ነበር።

በአገር ደረጃም የሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025 እርዳታውን ለ90 ቀናት አገደ፤ ቀኖቹ ሳያልቁ መጋቢት 10 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከመንግሥቱ የእርዳታ ድርጅት ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን አስታወቁ፤ ከ1961 ጀምሮ የቆየው ድርጅት ሐምሌ 1 ቀን ሥራውን ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አስረክቦ አበቃ። በእኛ አገር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ኮንትራት ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ተደረገ። የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ገንዘብ በማጣቱ በኢትዮጵያ ለ650,000 በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት ይሰጠው የነበረውን ሕክምና እንደሚያቆም አሳወቀ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ማስጠንቀቂያው ሰሚ ሳያገኝ ብዙ ሰው በማለቁ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ አቋቁማ ነበር፤ ዝናቡን፣ ሰብሉንና የገበያ ዋጋውን እየተከታተለ ረሃብ ከመድረሱ ወራት በፊት የሚያሳውቅ ሥራ ነው። እሱም ከእገዳው ጋር አብሮ ለወራት ጨለመ። ከእርዳታ ዓይነቶች ሁሉ ርካሹ፣ ሌላውን እርዳታ የሚያሳንሰው ይህ ሆኖ ሳለ፣ ከስንዴውና ከወርክሾፑ ጋር በአንድ ቢላዋ ተቆረጠ።

እርዳታው እየተሰረቀ አይደለምን?

የተሰረቀበት ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል በስፋት ወደ ገበያ መውጣቱ ስለተደረሰበት፣ ዩኤስኤአይዲና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሰኔ ወር የምግብ እርዳታን በመላ አገሪቱ አቁመው ነበር፤ በአጠቃላይ የተመለሰው የአመዘጋገቡና የአከፋፈሉ ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ከላይ የጠቀስኩት የጤና አዳም ቆርቆሮም ቢሆን በእርዳታ እደላ ሳይሆን ከገበያ ተገዝቶ ነው ግቢያችን የደረሰው፤ እንዴት ገበያ እንደወጣ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። ይሁን እንጂ በእነዚያ ወራት የተራበው እህሉን የሸጠው ሰው አልነበረም። ስርቆት የማከፋፈያውን ሥርዓት ለመለወጥ በቂ ምክንያት ነው፤ ለማቆም ምክንያት ሲደረግ ግን ቅጣቱ የሚያርፈው በተሰረቀበት ሰው ላይ ይሆናል።

እርዳታ ጥገኛ አላደረገንም? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል የለ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ፤ መልሱም እንደ እርዳታው ዓይነት ይለያያል። በአዲስ አበባ ሽማግሌዎች «ፖይንት ፎር» እያሉ በሚያስታውሱት የአሜሪካ ፕሮግራም ድጋፍ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመሠረተ፤ በዚያው ፕሮግራም፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ትብብር ደግሞ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ፕሮግራሙ ካበቃ ስንት ዘመን አለፈ፤ ኮሌጆቹ ግን ዩኒቨርሲቲ ሆነው ዛሬም ሐኪምና የእርሻ ባለሙያ ያስመርቃሉ። እንዲህ ያለው እርዳታ የሰጪው ወርቅ ሆኖ አይቀርም።

በአንጻሩ የጤና ባለሙያን ወርሃዊ ደመወዝ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ አገር ሲከፍል፣ መንግሥት ያንን የሥራ መደብ ከእነ መኖሩም ይረሳዋል። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እንደሚመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ አብዛኞቹ እስካሁን እዚያ አልደረሱም፤ እኛም ከእነሱ ጋር ነን። ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት አንጻር የምንሰበስበው ግብር ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ፣ የሰጪውን ስስት ብቻ መውቀስ ለእኔ ሚዛኑን የሳተ ይመስለኛል።

የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ ደግሞ እዚሁ አለ። የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባን በራሱ በጀት ያካሂዳል፤ በሠፈራችን ትምህርት ቤት በር ላይ ጠዋት የሚሸተው የፍርፍር ሽታ ከውጭ አገር በጀት የመጣ አይደለም። በውጭ ገንዘብና በራስ በጀት መካከል ያለው ደግሞ የከተማ ሴፍቲኔት ነው። ማልደው የአስፋልቱን ዳር የሚጠርጉትንና አረንጓዴ ቦታውን የሚኮተኩቱትን እናቶች የሚመለከተው ይህ ፕሮጀክት አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ከተያዘለት 450 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። አንዱ እጁን ቢያነሣ ሌላው ቢያንስ የሚይዘው ጫፍ አለው።

ብድርም እርዳታ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከግማሽ በላይ ወጪው የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው፤ በየዕለቱ በክፍያ ጣቢያው የምንከፍለውም ለዚህ ነው። በአንጻሩ ብሩ በገበያ እንዲተመን በተወሰነ ማግስት፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ የዓለም ባንክ ካጸደቀው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 1 ቢሊዮኑ የማይመለስ ድጋፍ፣ ቀሪው ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ነበር። ዜና ስትሰሙ «ድጋፍ» የሚለውን ቃል ተከትሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር አዳምጡ።

ራሱ እየተቸገረ ለሌላ የሰጠ አገር አለ?

አለ፤ እኛው ነን። ሜክሲኮ ከተማ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ ኢትዮጵያ ገና ከ77ቱ ረሃብ አልወጣችም ነበር፤ ዓለም ሁሉ ለእኛ በሚያዋጣበት በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ለሜክሲኮ ተጎጂዎች 5,000 ዶላር ላከ። ምክንያቱም ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ሜክሲኮ ከጎናችን ቆማ ነበር። (ገንዘቡን የላከው መንግሥት ሳይሆን ቀይ መስቀል መሆኑን ለጥንቃቄ እጠቅሳለሁ።) ወያላው በየቀኑ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል የምንሳፈርበት አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህች አገር ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው።

ኮሪያም ሌላዋ ናት። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት ተረጂዋ አገር በጦርነት የወደመች፣ ረጂዋም የራሷ ብዙ ጉድለት ያለባት ነበረች፤ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ የሚሆኑት አልተመለሱም። ደቡብ ኮሪያ ለዐሥርት ዓመታት እርዳታ ስትቀበል ኖራ እ.ኤ.አ. በ2010 የለጋሾቹን ኮሚቴ ተቀላቅላለች፤ ዛሬ ከምትረዳቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ብድር በምድር የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ ለመመለስ ግን ሃምሳና ስድሳ ዓመት ፈጅቷል፤ የአንድ ምርጫ ዘመን እቅድ የሚያወጣ መንግሥት ይህን ትርፍ ሊቆጥረው አይችልም።

ዛሬስ ኢትዮጵያ ለሌላ ትሰጣለች?

ትሰጣለች፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ «እርዳታ» ተብሎ አይጻፍም እንጂ። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች በአገራችን አሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረትም የመማር፣ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ተደንግጎላቸዋል። ይህ ሁሉ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ፣ የሚኒባስ ታሪፉም እየጨመረ ባለበት ጊዜ ነው። «ለራሳችን ሳይኖረን» የሚለውን ቃል በእኛም ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ የእንግሊዟን አሮጊት ያልተቆጣሁትም ስለዚህ ነው።

ታዲያ በአጭሩ፣ መስጠት አለበት ወይስ የለበትም?

በእኔ እምነት መስጠቱን መቀጠል አለበት፤ ነገር ግን የራሱን ሕዝብ ወጪ የሚቀንስ መንግሥት እርዳታውንም በተመጣጣኝ መጠን ቢቀንስ አልወቅሰውም። ለጡረተኛዋ ሁሉም ይቀነሳል፣ እርዳታው ብቻ አይነካም ማለት የሚያስኬድ አይደለም። የምወቅሰው ቅነሳው ጊዜንና ቅደም ተከተልን ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ጊዜን በተመለከተ፣ የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ወረዳዎች የሚቀጥለውን ዓመት በጀት የሚያዘጋጁት ከበጋው ማብቂያ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ቅነሳው ከዚያ በፊት ከታወቀ ቢያንስ የነርሷ መደብ በበጀት ጥያቄው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በጥር ወር «ከዛሬ ጀምሮ» ተብሎ ከመጣ ግን የዓለም ደግ ወረዳ እንኳ ከየትም ሊያመጣው አይችልም። የብሪታንያው ቅነሳ ከባድ ቢሆንም ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ መነገሩ ብቻውን ትልቅ ልዩነት አለው። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ደግሞ መጀመሪያ የሆቴል ሥልጠናው፣ የአማካሪው አውሮፕላን ትኬት፣ የመኪናው ብዛት ይቀነስ፤ መድኃኒቱ፣ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው አልሚ ምግብና የቅድመ ማስጠንቀቂያው ሥራ መጨረሻ ላይ ይምጣ። የእኛም መንግሥት ቢሆን በፕሮጀክት የሚከፈሉትን መደቦች ዝርዝር ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት እጁ ላይ ሊኖረው ይገባል፤ እኔ በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ያን ዝርዝር የጠየቀኝ አንድ ኃላፊ ብቻ ነው፤ ያም የመጀመሪያው ፕሮጀክት ሲዘጋ።

በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ይቋረጥብኝ ይሆን?

ይህን በስብሰባ ላይ የጠየቀኝ የለም፤ የሚጠየቀው በብሎካችን ደረጃ ላይ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ሕይወት አድን ሕክምናዎች ከእገዳው በከፊል እንዲወጡ ተደርጓል፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም ከአሜሪካ በተጨማሪ በግሎባል ፈንድ በኩል ይመጣል። የሳሳው ግን፣ ቀጠሮ ሲያልፍብዎ የሚደውልልዎና ቤትዎ ድረስ የሚመጣው ሰው ነው። ስለዚህ «ያልቃል» በሚል ሥጋት መድኃኒቱን መጠኑን ቀንሰው ወይም ቀን እየዘለሉ አይውሰዱ፤ የቀጠሮ ቀንዎን ራሱን ችሎ የሚያስታውስዎ ቦታ ላይ ይጻፉት፤ ስልክ ቁጥር ከቀየሩ ለክፍሉ ነርስ ይንገሯት። የካርድዎን ቁጥር ደግሞ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዙ፤ ካርዱ ካርቶን ውስጥ ከሆነ በቁጥሩ ይገኛል፣ በስም ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።